አንድሮሜዳ፦ የኬፌዎስ ልጅ እጮኝነት፣ ጋብቻና የሠርጉ ክህደት

አንድሮሜዳ በጥንት ግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስና የንግሥት ካሲዮፔያ ልጅ ናት። ካሲዮፔያ የባሕር ልጃገረዶቹን ኔሬይዶችን በውበት እበልጣለሁ ብላ በመመካቷ የባሕር አምላክ ፖሴይዶን ጎርፍና የባሕር አውሬ ሰደደ። አገሪቱ የምትድነው ልጅቱ ለአውሬው ስትሰጥ ብቻ ነው የሚል ቃል ከአሞን አምላክ መቅደስ መጣ። በአፖሎዶሮስ ስም በሚታወቀው የተረት ስብስብ መሠረት ኬፌዎስ ልጁን ቋጥኝ ላይ በሰንሰለት ያሰራት ሕዝቡ አስገድዶት ነው። ያየውን ሁሉ ድንጋይ የሚያደርገውን የሜዱሳን ራስ ቆርጦ ይዞ ይመለስ የነበረው ጀግና ፐርሴዎስ ልጅቱን ተመለከታት፤ አውሬውን ገድሎም አገባት።

ግሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት ኤውሪፒደስ በዚሁ ታሪክ ላይ ጽፎ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ412 ለመድረክ ያበቃው ተውኔት ጠፍቶ ቁርጥራጩ ብቻ ቀርቷል።

ስለ ክህደቱ በስፋት የጻፈው ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ ነው። አውሬው እየቀረበ ሳለ ፐርሴዎስ መጀመሪያ ከወላጆቿ ጋር ተዋዋለ፤ እነርሱም ልጃቸውን ብቻ ሳይሆን መንግሥቱንም ጥሎሽ አድርገው ሊሰጡት ቃል ገቡ። በሠርጉ ግብዣ ላይ ግን አጎቷና የቀድሞ እጮኛዋ ፊኔዎስ ታጣቂ አስከትሎ ገባ። ኬፌዎስ የመለሰለት ቃል ከባድ ነው፦ ልጅቱን ያጣሃት ዛሬ ሳይሆን ስትታሰር ቆመህ ያየህ ዕለት ነው። የፊኔዎስ ጦር ዒላማውን ስቶ ድንክ አልጋው ላይ ተሰካ። ፐርሴዎስ መልሶ ሲወረውረው ፊኔዎስ ከመሠዊያው ጀርባ ተሸሸገና ሮይቶስ የተባለው ሰው ግንባሩን ተመታ። ፐርሴዎስ በብዛት ሲከበብ ወዳጆቹን ፊታችሁን አዙሩ ብሎ የሜዱሳን ራስ አወጣ። ከውጊያው የተረፉት 200 ጠላቶች ድንጋይ ሆኑ። ከራሱ ወገን የነበረው አኮንቴዎስም ሳይጠነቀቅ አይቶ ደርቆ ቀረ። ፊኔዎስ ፊቱን አዙሮ ቢለምንም ምሕረት አላገኘም፤ እንደለመነ ሐውልት ሆነ። በሮማዊው የተረት ጸሐፊ በሂጊኑስ ግን እጮኛው አጌኖር ይባላል፤ ይባስ ብሎም ፐርሴዎስን በስውር ለመግደል ከእርሱ ጋር የዶለተው ራሱ ኬፌዎስ ነው።

የጥንዶቹ ታማኝነት የሚጎላው ከዚያ በኋላ ነው። በግሪካዊው ሊቅ በኤራቶስቴኔስ ስም በሚነገረው የከዋክብት ተረት አንድሮሜዳ ከወላጆቿ ጋር መቅረቱን ትታ ባሏን በፈቃዷ ወደ አርጎስ ተከተለች። ፐርሴዎስም፣ እንደ ሌሎቹ ጀግኖች እንደ ጄሰንና እንደ ሄራክልስ ሳይሆን፣ በአፖሎዶሮስም ሆነ በኦቪድ ሌላ ሚስት አላገባም። የበኩር ልጃቸው ፐርሴስ ወንድ ልጅ ላልነበረው ለአያቱ ለኬፌዎስ ተተወ፤ የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ የፋርስን ስም ከእርሱ ያመጣል። ሄራክልስም የዚሁ ትዳር ዘር ነው።

አምስቱም የከዋክብት ቡድን ሆነው በሰማይ አሉ፦ ኬፌዎስ፣ ካሲዮፔያ፣ አንድሮሜዳ፣ ፐርሴዎስና አውሬው። ካሲዮፔያ ለትዕቢቷ ቅጣት በዙፋኗ ላይ እየተዘቀዘቀች ትዞራለች ይባላል። ይህ በግሪክ ሌሊቱን ሙሉ ይታያል፤ በአዲስ አበባ ግን የካሲዮፔያ ኮከቦች ቡድን ከአድማስ በታች ስለሚጠልቅ ተዘቅዝቃ የምትዞርበት ጊዜ አይታይም። በኅዳር አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ፊትን ወደ ሰሜን አዙሮ ከአድማስ እስከ ራስ አናት ካለው ግማሽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢታይ አምስቱ ኮከቦቿ ይገኛሉ።

ይህች ኢትዮጵያ የት ነበረች በሚለው ላይ ጸሐፊዎቹ አይስማሙም። ግሪኮች በስሙ በአብዛኛው ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን ምድር ይጠሩ ስለነበር ከኩሽ ጋር ማያያዙ ይቀናል። አንዳንዶች ቋጥኙን ወደ ኢዮጴ፣ ወደ ዛሬዋ ያፋ፣ ይወስዱታል። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ከዚያ ወደ ሮም ተወሰደ የሚለው 40 ጫማ ርዝመት ያለው ዐፅም የዓሣ ነባሪ ሳይሆን አልቀረም። ግሪክኛ ጸሐፊው ሄሊዮዶሮስ ደግሞ በልብ ወለዱ የኩሽ ከተማ የሜሮዌን ነገሥታት የፐርሴዎስና የአንድሮሜዳ ዘር ያደርጋቸዋል። የአቴንስ ሠዓሊዎች አገልጋዮቿን ጥቁር፣ እርሷን ነጭ አድርገው ሣሏት፤ ኦቪድ ግን የአገሯን ጠይም መልክ አልነፈጋትም።