ኒዮ ሞሪሽ የሚባለው የኪነ ሕንጻ ስልት ምንድን ነው?

በአልጀርስ መሐል ከተማ፣ በሰፊ ደረጃዎች አናት ላይ የቆመውን ነጩን «ግራንድ ፖስት» ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው መስጊድ ወይም የሱልጣን ቤተ መንግሥት ቢመስለው አይፈረድበትም። ፊቱን ሦስት ረጃጅም ቅስቶች ይዘውታል፤ ግራና ቀኙን ባለ ጉልላት ማማዎች አጅበውታል፤ ወደ ውስጥ ዘልቆ ከአዳራሹ ጉልላት ሥር ቀና ላለ ደግሞ ጄሶው እንደ ጥልፍ ተሠርቶ ይታየዋል። ሕንጻው ግን እ.ኤ.አ. ከ1910 እስከ 1913 በፈረንሳይ የቅኝ ግዛት ዘመን ለዋና ፖስታ ቤትነት የተሠራ ነው።

ኒዮ ሞሪሽ ማለት «አዲሱ የሙሮች ስልት» እንደማለት ነው። ሙሮች የሚባሉት በመካከለኛው ዘመን በሰሜን አፍሪካና በስፔን አንዳሉስ የኖሩ ሙስሊሞች ሲሆኑ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ አርክቴክቶች የእነርሱን የፈረስ ኮቴ የመሰለ ቅስት፣ ጉልላትና ባለቀለም ሸክላ እየወሰዱ ለዘመናቸው ሕንጻዎች ማዋል ጀመሩ።

በአልጄሪያ ግን ነገሩ ከጌጥ ያለፈ ትርጉም ነበረው። ፈረንሳይ በ1830 አልጀርስን እንደያዘች ካስባ ከሚባለው የአልጀርስ አሮጌ ከተማ የታችኛውን ክፍል ብዙውን አፍርሳ አደባባይ አወጣች፣ የከቻዋን መስጊድ ካቴድራል አደረገች፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የሠራቻቸው ሕንጻዎችም በአብዛኛው የፈረንሳይን ከተሞች የሚመስሉ ነበሩ። ይህ «የድል አድራጊው ስልት» ይባላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጠቅላይ ገዥው ሻርል ዦናር የመንግሥት ሕንጻዎች የአገሬውን መልክ እንዲይዙ ገፋፋ፤ ይህኛው ደግሞ «የጠባቂው ስልት»፣ በገዥውም ስም «የዦናር ስልት» ተባለ። በእኔ እይታ ሁለተኛው ስም ከመጀመሪያው ይልቅ ያስተዛዝባል፤ ጠባቂ ነኝ የሚለው ያው መስጊዱን የወሰደው መንግሥት ነውና።

ፖስታ ቤቱን የነደፉት ዡል ቩዋኖና ማሪዩስ ቱዱዋር ናቸው። ቱዱዋር ቀደም ሲል በፓሪስ ባለ ሰዓት ማማውን የጋር ደ ሊዮን ባቡር ጣቢያ የሠራ ሰው ነው፤ እዚያ የፈረንሳይን፣ እዚህ የሙሮችን ልብስ አለበሰ እንጂ ሁለቱም ሕንጻዎች የተሠሩት በአንድ መንግሥት ሥር ነበር።

ልብሱ ግን ባለቤት ቀየረ። በ2019 ፕሬዚዳንት ቡተፍሊካ ለአምስተኛ ጊዜ መወዳደራቸውን የተቃወሙ አልጄሪያውያን በየዓርቡ የሚሰበሰቡት በእነዚሁ ደረጃዎች ላይ ነበር።