የፑል ተጫዋቾች የችሎታ ደረጃ አሰጣጥ

በፑል ጨዋታ የችሎታ ደረጃ ማለት አንድ ተጫዋች ከሌላው ጋር ቢገጥም ምን ያህል ሊያሸንፍ እንደሚችል የሚያመለክት ፊደል፣ ቁጥር ወይም ማዕረግ ነው። ሁለት ጥያቄዎችን ይመልሳል፦ ማን ይበልጣል? የሚበልጠው ለሚያንሰው ምን ያህል ማካካሻ ይስጥ? የደረጃ አሰጣጥ ዘዴዎቹን የወለደው በአብዛኛው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ብልጫው አስቀድሞ የታወቀ ግጥሚያ ገንዘብ የሚያስይዝለት አያገኝምና። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀላሉ ዘዴ በእኛ ከተሞች ፑል ቤቶችም የታወቀ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ጠረጴዛው ላይ ይቆያል። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩ ተዋረድ ተለይቶ ያድራል። ይህ ተዋረድ ግን ከቤቱ ደጃፍ አያልፍም። አሜሪካውያን ለብዙ ዘመን የተጠቀሙባቸው ፊደላትም ዕጣቸው ተመሳሳይ ነበር። ጀማሪው ዲ፣ ከዚያ ሲ፣ ቢ እና ኤ እየተባለ ይወጣል፤ ከኤ በላይ ያሉት ባለሙያዎች ናቸው። ፊደሉን የሚሰጠው የቤቱ ባለቤት ወይም የውድድሩ አዘጋጅ ስለሆነ፣ በአንዱ ከተማ ቢ የነበረ ሰው ሌላ ከተማ ሲደርስ ሲ ሊባል ይችላል።

በውርርድ ዓለም ማካካሻ የሚሰጠው በድርድር ነው። 9 ቁጥርን ያስገባ በሚያሸንፍበት ናይን ቦል በሚባለው የፑል ዓይነት «8ን ሰጥቼሃለሁ» ከተባለ፣ ደካማው 9 ቁጥርን ብቻ ሳይሆን 8 ቁጥርን በማስገባትም ጨዋታውን ያሸንፋል። በዚህ ዓለም የሰውን ትክክለኛ ደረጃ ማወቅ እንደ ገንዘብ ስለሚቆጠር ማንም በነጻ አይናገረውም። ለዚህ ከሁሉ የሚልቀው ምሳሌ ፊሊፒናዊው ኤፍሬን ሬየስ ነው። በ1985 ሂውስተን፣ ቴክሳስ ሲደርስ ቄሳር ሞራሌስ በሚል ሐሰተኛ ስም ተመዝግቦ ተጫወተ፤ ውድድሩንም አሸንፎ ሄደ። በአገሩ ዝነኛ የነበረው ሰው ባሕር ሲሻገር ደረጃ አልባ ነበር። በ1999 ካርዲፍ ላይ የዓለም የናይን ቦል ሻምፒዮን ሲሆን ግን ስሙን መደበቅ አላስፈለገውም።

ደረጃን ከድርድር አውጥቶ በመዝገብ ላይ ካዋሉት ትልልቅ ድርጅቶች አንዱ የአሜሪካ ፑል ተጫዋቾች ማኅበር (ኤፒኤ) ነው። ቴሪ ቤል እና ላሪ ሀባርት የተባሉ ሁለት ባለሙያ ተጫዋቾች ሥራውን የጀመሩት በ1979 ነው። በኤይት ቦል (8 ቁጥር በመጨረሻ በሚገባበት የፑል ዓይነት) ደረጃው ከ2 እስከ 7፣ በናይን ቦል ከ1 እስከ 9 ይሄዳል። ባለ 7 ተጫዋች ከባለ 2 ጋር ሲገጥም እሱ 7 ጨዋታ ማሸነፍ ሲኖርበት ተጋጣሚው 2 ይበቃዋል። በናይን ቦል የሚቆጠረው ነጥብ ነው፤ እያንዳንዱ ኳስ 1፣ 9 ቁጥር ደግሞ 2 ነጥብ ያስገኛል፤ ባለ 1 ግጥሚያውን ለማሸነፍ 14 ነጥብ ሲፈለግበት ባለ 9 ግን 75 ነጥብ ይጠበቅበታል። በአንድ ምሽት የሚሰለፉት 5 የቡድን አባላት ድምር ደረጃም በተለምዶ ከ23 መብለጥ የለበትም፤ አንድ ቡድን ኃያላንን ብቻ ሰብስቦ እንዳይመጣ የተበጀ ልጓም ነው።

ማኅበሩ ደረጃውን ሲያሰላ ያሸነፈውን ብቻ አይቆጥርም፤ ግጥሚያው ስንት ተራ እንደፈጀና ከምቶቹ ስንቱ ሆን ተብለው ለመከላከል እንደተመቱ መዝጋቢው ወረቀት ላይ ያሰፍራል። ደካማ ጎኑም እዚሁ ላይ ነው። ሆን ብሎ የሚስት ሰው ተራውን ያበዛል፣ ተራው ሲበዛ ደረጃው ይወርዳል፣ ደረጃው ሲወርድ በትልቁ ውድድር ብዙ ማካካሻ ያገኛል። ይህ ድርጊት በሊጎቹ ውስጥ ተስፋፍቷል የሚሉ አሉ፤ ማኅበሩ በበኩሉ በዚህ የተገኙ ተጫዋቾችን እንደሚቀጣ ይገልጻል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣው የፋርጎ ነጥብ ለረጅም ዘመን ያልተፈታውን ጥያቄ፣ በአንድ ከተማ የተሰጠ ደረጃ በሌላውም እንዴት ይሠራል የሚለውን፣ በቀጥታ ነካው። ስሙን ያገኘው በሰሜን ዳኮታ ግዛት ካለችው ከፋርጎ ከተማ ነው። ዋና መሥራቹ ማይክ ፔጅ በዚያው ግዛት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ያስተማረ ሲሆን፣ አብሮት የሠራው ስቲቨን ኧርንስት ነው። የሐሳቡ ዘመድ የሆነውን የቼዝ ነጥብ የቀመረው አርፓድ ኤሎም የፊዚክስ መምህር ስለነበር፣ ለጨዋታ ሚዛን የሚያበጁት የሳይንስ ሰዎች መሆናቸው እንግዳ አይደለም።

መሠረቱ አንድ ደንብ ነው። በሁለት ተጫዋቾች መካከል የ100 ነጥብ ልዩነት ካለ፣ የሚበልጠው በአማካይ የሚያንሰው 1 ጨዋታ ባሸነፈ ቁጥር 2 ያሸንፋል። በ200 ልዩነት 4 ለ1፣ በ300 ደግሞ 8 ለ1 ይሆናል። ስለዚህ ባለ 500 ተጫዋች ከባለ 800 ጋር 9 ጨዋታ ቢጫወት የሚጠበቅለት አንዲት ድል ናት። ግጥሚያው ሲረዝም ልዩነቱ ይጎላል፦ የ100 ነጥብ ብልጫ ያለው ሰው 7 ጨዋታ ቀድሞ በሚያሸንፍበት ግጥሚያ የማሸነፍ ዕድሉ ወደ 90 በመቶ ይጠጋል፤ ብልጫው 50 ከሆነ 74 በመቶ ገደማ ነው። የሊግ ተጫዋች በ400 እና በ500 አካባቢ በብዛት ይገኛል። 600 የደረሰ በሰፈሩ የሚፈራ ነው፤ 700 የባለሙያዎች ደጃፍ ሲሆን፣ ከ800 በላይ የሚገኙት የዓለም ምርጦች ናቸው። ወንድና ሴት፣ ኤይት ቦልና ናይን ቦል በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ።

ከቼዙ ነጥብ የሚለይበት መንገድ ልብ ሊባል ይገባል። በቼዝ ከጨዋታ በኋላ የሁለቱ ተጫዋቾች ነጥብ ብቻ ይስተካከላል። ፋርጎ ግን የተመዘገቡትን ጨዋታዎች ሁሉ ወስዶ የሁሉንም ተጫዋች ነጥብ በየቀኑ እንደገና ያሰላል። አምና ያሸነፍከው ሰው ዘንድሮ ከተገመተው በላይ ጠንካራ መሆኑ ከታወቀ፣ አንተ ቤትህ ተቀምጠህ ነጥብህ ከፍ ይላል። ከማኒላ የተነሳ ተጫዋች ከአንድ ጀርመናዊ ጋር ሲገጥም የሁለቱ አገር ሰዎች በሙሉ በቀጭን ክር ይያያዛሉ፤ ተጓዦች በበዙ ቁጥር ክሩ ይወፍራል። ሬየስ በ1985 እንዳደረገው ደረጃን ከአገር አገር ደብቆ መሻገር ዛሬ እጅግ ከባድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በፋርጎም ሆን ብሎ መሸነፍ አይቻልም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ነጥብ ጸንቷል የሚባለው ቢያንስ 200 ጨዋታ ሲመዘገብ ስለሆነ፣ ለማጭበርበር የሚፈልግ ሰው ብዙ ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

ተጋጣሚ የሌለው ሰው ራሱን የሚፈትሽባቸው መንገዶችም አሉ። አንደኛው «ከመንፈስ ጋር መጫወት» ይባላል፤ ተጫዋቹ ኳሶቹን በትኖ ነጩን ኳስ በፈለገበት አኑሮ ይጀምራል፤ አንድ ጊዜ ከሳተ ጨዋታውን መንፈሱ አሸነፈ። ቦውሊያርድስ የሚባለው ደግሞ በ10 ኳስ 10 ዙር ተጫውቶ እንደ ቦውሊንግ የሚቆጠር ሲሆን ጣሪያው 300 ነው። ፓት ፍሌሚንግ ያስፋፋው የቲፒኤ ስሌት የገቡ ኳሶችን ለገቡት ኳሶችና ለስሕተቶች ድምር ያካፍላል፤ 90 ኳስ አስገብቶ 10 የተሳሳተ ሰው 0.900 ያገኛል፣ ይህም የትልቅ ተጫዋች ውጤት ነው።

የእነዚህ ሁሉ እንከን ጠረጴዛ ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ ውጤቱ ያድጋል። ዊሊ ሞስኮኒ በ1954 ስፕሪንግፊልድ፣ ኦሃዮ ውስጥ 526 ኳስ ሳይስት በተከታታይ ያስገባው በባለ 8 ጫማ ጠረጴዛ ነበር፤ ጆን ሽሚት በ2019 626 ያስገባው በባለ 9 ጫማ ነው። የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር ዛሬም አላበቃም። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲገጥሙ ግን ጠረጴዛው ለሁለቱም አንድ ነው።

በ1987 የተቋቋመው የዓለም ፑል ቢሊያርድ ማኅበር እና እንግሊዛዊው አዘጋጅ ማችሩም የየራሳቸው የደረጃ ሰንጠረዥ አላቸው። በሰንጠረዦቹ ላይ ለመውጣት ውድድር ላይ መገኘት ግድ ነው፤ የአውሮፕላን ቲኬት መግዛት የማይችል ጎበዝ ስሙ አይገኝም።

ከአዲስ አበባ ሄዶ አሜሪካ ውስጥ ፋርጎን የሚጠቀም ሊግ የሚቀላቀል ሰው የሚጀምረው በተገመተ መነሻ ነጥብ ነው። በሰፈሩ ፑል ቤት ለዓመታት ያሸነፋቸው ጨዋታዎች ስላልተመዘገቡ አይቆጠሩለትም። ግምቱ ከእያንዳንዱ ምሽት ውጤት ጋር ክብደቱን እያጣ ይሄድና፣ 200ኛው ጨዋታ ሲሞላ ቁጥሩን የሚወስኑት የተመዘገቡት ጨዋታዎች ብቻ ይሆናሉ።