ልምምድ ላይ የሚገባው ሪጎሬ (ፍፁም ቅጣት ምት) ጨዋታ ላይ ለምን ይስታል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በባሕር ዳር፣ በዳንግላ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በደብረ ማርቆስ በጥሎ ማለፍ የሚካሄድ የሰፈር ውድድር አቻ ካለቀ የሚለየው በመለያ ምት ነው። ሐሙስ ልምምድ ላይ ሁሉን ያገባ ልጅ እሑድ አግዳሚውን አሻግሮ ይሰዳል። ከዚያ በኋላ በሜዳው ዳር የሚነገረው ምክንያት አብዛኛው ስህተት ነው።

«ሪጎሬ ዕድል ነው»

ኳሱ ከግቡ መስመር 11 ሜትር ይርቃል፤ ግቡ 7.32 ሜትር ስፋትና 2.44 ሜትር ቁመት አለው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የተመታ ኳስ በግማሽ ሴኮንድ ገደማ መረብ ላይ ያርፋል። ቋሚውን ተጠግቶ የሚሄደውን ኳስ፣ በረኛው ከተመታ በኋላ አይቶ ቢነሣ አይደርስበትም። ስለዚህ ብልጫው የመቺው ነው።

ዕድል የሚያስመስለው የምቱ ቁጥር ማነስ ነው። ከ4 ምት 3ቱን የሚያገባ ጎበዝ እንኳ ሁለት ተከታታይ ምት የሚስትበት አጋጣሚ ከ16 አንድ ነው። በሁለት ስህተት «አቋሙ ወርዷል» ብሎ መቺ መቀየር ችኮላ ነው። ይልቅ 30 ምት በደብተር ይመዝገብ፦ ቀኑ፣ መቺው የመረጠው ቦታ፣ ኳሱ የሄደበት ቦታ፣ ውጤቱ። ውጤቱን ብቻ መጻፍ ያሳስታል፤ በረኛው በተቃራኒው ስለወደቀ ብቻ የሚገባ መጥፎ ምት አለና።

«የሳተው ፈሪ ስለሆነ ነው»

ከሁሉም የሚጎዳው አባባል ይህ ነው። ብዙ ልጆችን ከሁለተኛ ሙከራ ያስቀራል። ልብ መምታትና እጅ ማላብ በሚያገባውም ላይ አለ። ምቱን የሚያበላሸው ሐሳብ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ብዙ የተለማመደ እግር ሥራውን ያውቃል፤ ጭንቀት ሲመጣ ግን መቺው እግሩን መቆጣጠር ይጀምራል፦ «ቁርጭምጭሚቴን ላጥብቅ፣ ጉልበቴን ልጠፍ» እያለ። ደረጃ ሲወርድ እያንዳንዱን እርምጃውን እንደሚያስብ ሰው ይደናቀፋል። የጎልፍ ተጫዋች አንድ ሜትር የማትሞላ ምት ሲስት የሚያጋጥመውም ይኸው ነው።

መድኃኒቱ የማይለወጥ ቅደም ተከተል ነው። ኳሱን በራስ እጅ ማስቀመጥ። አራት እርምጃ ወደ ኋላ፣ አንድ ወደ ጎን። ቦታውን አንዴ ማየት፣ ረዘም አድርጎ መተንፈስ፣ ከዚያ ዓይንን ኳሱ ላይ ማሳረፍ። በልብ የሚባል አንድ አጭር ቃልም ይረዳል፤ «ዝቅ» ይበቃል። ይህ ልምምድ ላይም ሳይጓደል ይደረግ።

ደግሞም 20 ኳስ በተከታታይ መምታት ለእሑዱ ምት አያዘጋጅም፤ እሑድ ያለው አንድ ኳስ ነውና። ልምምዱ ሊያልቅ ሲል፣ እግር ሲደክም፣ መቺው ከመሃል መስመር ብቻውን ተራምዶ መጥቶ አንድ ብቻ ይምታ፤ ጓደኞቹ ይጩኹበት። ቀጣዩ ተራው ከ10 ደቂቃ በኋላ ይሁን።

«ቶሎ መትቶ መገላገል»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ፊሽካው ሲነፋ ወዲያው መሮጥ ግዴታ አይደለም፤ አንድ ትንፋሽ ያህል መቆየት ይቻላል።

«በረኛውን ትኩር ብሎ ማየት በረኛውን ያስፈራዋል»

የተጨነቀ ዓይን በረኛው ላይ ሲተከል ኳሱም ወደ እሱ ያደላል። ቦታው ኳሱ ከመቀመጡ በፊት ይመረጥ፤ በሩጫ መሃል አይለወጥ። የበረኛውን እንቅስቃሴ ጠብቆ መምታት ይቻላል፣ ግን ብዙ ልምምድ ለሌለው አንመክረውም።

«ዋናው ኃይል ነው»

በሙሉ ኃይል ሊመታ የሚፈልግ ሰው ደረቱን ወደ ኋላ ይጥላል፣ የቆመው እግሩም ከኳሱ ኋላ ይቀራል፤ ኳሱ ሽቅብ ይሄዳል። የቆመው እግር ከኳሱ ጎን አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ ጣቱ ወደ ተመረጠው ቦታ አቅጣጫ ይረፍ። በክረምት ጭቃ ላይ ታኬታው ሥር የተጣበቀውን አፈር ማራገፍና መንደርደሪያውን ማሳጠር ያስፈልጋል። በበጋ ዋልካው ሲሰነጠቅ ደግሞ የቆመው እግር የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድሞ መርገጥ ነው።

«ከሳተ ጨዋታው አለቀ»

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ በተመለሰችበት የአፍሪካ ዋንጫ የሳላዲን ሰኢድን ፍፁም ቅጣት ምት የዛምቢያው በረኛ ኬኔዲ ምዌኔ አዳነው። የኢትዮጵያው ግብ ጠባቂ ጀማል ጣሰውም በቀይ ካርድ ወጣ። በጎዶሎ ተጫዋች፣ አዳነ ግርማ ባገባው ግብ 1 ለ 1 ተለያዩ።

ከሳቱ በኋላ ጭንቅላት ይዞ መቆም ኳስ ያስጥላል። በመደበኛው ጨዋታ በረኛው የመለሰውን ኳስ መቺው ራሱ ደግሞ መምታት ይችላል። ከቋሚ ወይም ከአግዳሚ በቀጥታ የተመለሰውን ግን ሌላ ተጫዋች ሳይነካው ከነካ ለተጋጣሚ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ይሰጣል፤ ስለዚህ ለጓደኛ መተው አለበት። በመለያ ምት ግን የተመለሰ ኳስ በድጋሚ አይመታም።