ሺንቶን መነሻ ያደረጉ አማልክትና መለኮታዊ የዘር ሐረጎች በሚና ጨዋታ

በጃፓን ነባር ሃይማኖት በሺንቶ ውስጥ ያለውን «ካሚ» የሚለውን ቃል «አምላክ» ብሎ መተርጎም ገና ከጅምሩ ያሳስታል። በአማርኛ አምላክ ሲባል የሚታሰበው ሁሉን የፈጠረ፣ ከዓለም በላይ የሆነ አንድ ኃያል ነው። ካሚ ግን ፏፏቴ፣ ተራራ፣ ያረጀ ጥድ፣ የጎሳ ቀደምት አባት ወይም ተበድሎ የሞተ ሹም ሊሆን ይችላል። ከእኛ ቃላት የሚቀርበው «አድባር» ነው፤ ጎሳ የሚጠብቀው ካሚ ደግሞ «ቆሌ» ከምንለው ብዙ አይርቅም። የአድባር ዛፍ ቅቤ ሲቀባ ያየ ሰው፣ ግንዱ ላይ የሩዝ ገለባ ገመድ የታሰረለትን የጃፓን ዛፍ ሲያይ ነገሩ አይጠፋውም።

ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄደውን የሚና ጨዋታ ነው። አንድ ጨዋታ መሪ ዓለሙንና ነዋሪዎቹን ይይዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 የሚሆኑ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይመራሉ፤ አጠራጣሪው ነገር በባለ 20 ፊት ዳይስ ይለያል። ለወራት የሚዘልቀው ታሪክ ዘመቻ ይባላል። ለእንዲህ ያለ ዘመቻ ሺንቶን መነሻ ያደረጉ ካሚዎችንና ከእነሱ ወረድን የሚሉ ቤቶችን መፍጠር የራሱ አካሄድ አለው። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከክስተት የተረፈ ነገር

ብዙ ጀማሪዎች የሚሠሩት ሠንጠረዥ ነው፤ የጦርነት አምላክ፣ የሞት አምላክ፣ የመኸር አምላክ እያሉ ሳጥን ይሞላሉ። ጥንታዊዎቹ የጃፓን ታሪክ መጻሕፍት፣ በ712 የተጻፈው ኮጂኪና በ720 የተጠናቀቀው ኒሆን ሾኪ፣ ግን ካሚ የሚወለደው አንድ ነገር ከሆነ በኋላ በተረፈው ነገር እንደሆነ ነው የሚያሳዩት። እናቲቱ ካሚ ኢዛናሚ እሳትን ስትወልድ ተቃጥላ ሞተች። ባሏ ኢዛናጊ እሳቱን በሰይፍ አንገቱን ቀላው፤ ከሰይፉ ከተንጠባጠበው ደም ነጎድጓዳማው ታኬሚካዙቺና ሌሎች ተገኙ። ሚስቱን ፍለጋ ከሄደበት ከሙታን አገር ተመልሶ ሲታጠብ ደግሞ ከግራ ዓይኑ ፀሐይዋ አማቴራሱ፣ ከቀኝ ዓይኑ ጨረቃው ጹኩዮሚ፣ ከአፍንጫው ማዕበለኛው ሱሳኖኦ ወጡ።

ለጨዋታ መሪ ከዚህ የሚወሰደው ዘዴ ቀላል ነው። ዘመቻው ለሚካሄድበት አውራጃ መጀመሪያ ሦስት ያለፉ ክስተቶች ይጻፋሉ፤ ጎርፍ፣ ግድያ፣ እርቅ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ምን ተረፈ ተብሎ ይጠየቃል፤ ደለል? የተሰበረ ብረት? የተላጨ ጸጉር? ካሚው ያ ነው። ለመጀመሪያው ወር ከ5 እስከ 7 ካሚ ይበቃል። ጃፓኖች «ስምንት ሚሊዮን ካሚ» ሲሉ ስፍር ቁጥር የለውም ማለታቸው እንጂ ዝርዝር አምጡ ማለታቸው አይደለም።

ለእያንዳንዱ ካሚ ግማሽ ገጽ ይመደባል። የሚኖርበት ቦታ፣ የሚያድርበት ግዙፍ ነገር፣ የሚቀርብለት መባ፣ የማይደፈረው ክልክል፣ የሚያገለግለው ቤት ይሰፍሩበታል። የሚያድርበት ነገር በሺንቶ «ሺንታይ» ይባላል። በአማቴራሱ ዋና መቅደስ በኢሴ መስተዋት ነው፤ በናራ አውራጃ ባለው በኦሚዋ ደግሞ ሚዋ ተራራ ራሱ ስለሆነ ካሚውን የሚያኖር ውስጠኛ ቤት የለም። ሺንታይ የሌለው ካሚ ጨዋታው ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ ተጫዋቾች የሚጠብቁት፣ የሚሰርቁት፣ የሚያሳድሱት ነገር አያገኙም። መባው የተለመደው ነው፤ ሩዝ፣ ጨው፣ ውሃ፣ ሳኬ የተባለው የሩዝ መጠጥ።

ማዕረግም አለ። የጥንቱ ቤተ መንግሥት ለካሚዎች እንደ ሹማምንቱ ደረጃ ይሰጥ ነበር፤ በ927 የተጠናቀቀው ኤንጊሺኪ የተባለው የሥርዓት መጽሐፍ 2,861 መቅደሶችንና 3,132 ካሚዎችን መዝግቧል። ለጨዋታ ይህ ወርቅ ነው፤ የመንደሯ ምንጭ ካሚ ወረርሽኝ ካቆመች በኋላ ለማዕረግ የሚያበቃትን ደብዳቤ ዋና ከተማ ድረስ ማድረስ ለአንድ ወር ጨዋታ የሚበቃ ተልእኮ ይሆናል።

የሚቆጣውና የሚረጋው

አንዱ ካሚ ሁለት መንፈስ አለው፤ ሻካራው «አራሚታማ»፣ ለስላሳው «ኒጊሚታማ»። ጥሩና ክፉ ብሎ መክፈል እዚህ ላይ አይሠራም፤ ጎርፉም መስኖውም ያው ወንዝ ነው። የሚታወቀው ምሳሌ ሱጋዋራ ኖ ሚቺዛኔ ነው። ሊቅና ባለሥልጣን ነበር፤ በሐሰት ተከሶ ወደ ዳዛይፉ ተጋዘ፣ በ903 እዚያው ሞተ። በ930 ቤተ መንግሥቱ በመብረቅ ሲመታ ቁጣው የሱ ነው ተባለ። ማዕረጉ ተመለሰለት፣ በ947 ኪዮቶ ውስጥ በኪታኖ መቅደስ ቆመለት። ዛሬ ተማሪዎች ለፈተና የሚማጸኑት እሱን ነው።

ስለዚህ የተቆጣ ካሚ እንደ ጭራቅ ተወግቶ የሚያልቅ ጉልበት አይሰጠውም። የሚሰጠው ከ0 እስከ 6 የሚቆጠር የቂም መለኪያ ነው። ክልክል በተጣሰ ቁጥር 1 ይጨመራል፤ 3 ላይ ምልክት ይታያል፣ 5 ላይ ሰው ይጎዳል፣ 6 ላይ አደጋው ይደርሳል። መባ ማቅረብ ቁጥሩን ለአንድ ወቅት ባለበት ያቆመዋል እንጂ አይቀንሰውም። የሚቀንሰው በደሉ ሲታረም ብቻ ነው። ይህ ሕግ ካልተቀመጠ ተጫዋቾች ሁሉን ነገር በአንድ ማድጋ ሳኬ ይጨርሱታል።

ምሳሌ፦ የመሻገሪያዋ እመቤት

ስም ሲወጣ ትርጉም ያላቸው ቁርጥራጮች ይገጣጠማሉ፤ «አማ» ሰማይ፣ «ኢዋ» ዐለት፣ «ሚዙ» ውሃ፣ «ቶዮ» የተትረፈረፈ፣ «ናጋ» ረጅም፣ «ሴ» ጥልቀት የሌለው ፈጣን ውሃ። መጨረሻው ላይ «ሂሜ» ለሴት፣ «ሂኮ» ለወንድ፣ «ኖ ካሚ» ለሁለቱም ይገባል። ናጋሴሂሜ ብንል የረጅሙ መሻገሪያ እመቤት ትሆናለች።

የተረፈው ነገር ገመድ ነው። በጎርፍ ዓመት አንድ ታንኳ ቀዛፊ ከዳር እስከ ዳር ገመድ ወጥሮ መንደሩን አሻገረና ራሱ ሰጠመ፤ ገመዱ ግን አልተበጠሰም። ሺንታይዋ የዚያ ገመድ ቁራጭ ነው። ክልክሏ፦ በመሻገሪያው ላይ ደም የነካው ነገር አይታጠብም። የሚያገለግላት የዋታሪ ቤት ነው፤ ሥራው በየዓመቱ ከዝናቡ በፊት 40 ክንድ አዲስ ገመድ መግመድ ነው። የተቀደሰው ገመድ፣ «ሺሜናዋ» የሚባለው፣ እንደ ተራ ገመድ ወደ ቀኝ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግራ ይገመዳል፤ እጅ የለመደው ሌላ ስለሆነ ቶሎ ይሳሳታል።

ይህን በዳይስ ማጫወት ይቻላል። ሦስት ውርወራ አለ፤ ገለባውን መምረጥ በ10፣ መግመድ በ13፣ ውሃው ላይ መወጠር በ16፤ ዳይሱ ከዚህ ቁጥር ካነሰ ከሽፏል። የመጀመሪያው ቢከሽፍ ገመዱ ያምራል ግን ከመንፈቅ አያልፍም። ሁለተኛው ቢከሽፍ አንድ ክር ወደ ቀኝ ዞሯል፤ ማንም አያይም፣ ቂሙ 1 ይጨምራል። ሦስተኛው ቢከሽፍ ወጣሪው ውሃ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛውን ጨዋታ መሪው ተሸሽጎ ቢወረውር ይሻላል፤ ጥርጣሬው ከውጤቱ የበለጠ ጨዋታውን ያቆየዋል።

ዘር እንደ ሥራ

የመለኮት ዘር ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ከመዳፍ የሚወጣ እሳት ነው። ሺንቶ ውስጥ ዘር በመጀመሪያ የሥራ ድርሻ ነው። አማቴራሱ ዋሻ ገብታ ዓለም በጨለመ ጊዜ አሜኖኮያኔ ጸሎት አሰማ፣ ፉቶዳማ መባውን ያዘ፣ አሜኖኡዙሜ ጨፈረች፣ ኢሺኮሪዶሜ መስተዋት ሠራች፣ ታማኖያ ዶቃ ሠራ። በኋላ አምስቱም የአማቴራሱን የልጅ ልጅ ኒኒጊን ተከትለው ወደ ምድር ወረዱ። ከኮያኔ ወረድን የሚሉት ናካቶሚዎች በቤተ መንግሥት ጸሎት አቅራቢ ሆኑ፣ ከፉቶዳማ የሚሉት ኢንቤዎች መባ አዘጋጅ፣ ከኡዙሜ የሚሉት ሳሩሜዎች ጨፋሪ። ዘር ማለት ቀደምቱ አንድ ጊዜ ያደረገውን እየደጋገሙ መኖር ነው። አዲስ ቤት የሚፈጥር ሰው መጀመሪያ የሚመልሰው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ቀደምታቸው በዚያች ቀን ምን አደረገ?

ዘር የሚቆጠረው በሥጋ ብቻም አይደለም። አማቴራሱና ሱሳኖኦ ለመሐላ ንብረት ተለዋወጡ፤ እሷ ሰይፉን ሰባብራ አኝካ ስትተፋው ሦስት ሴቶች፣ እሱ የሷን ዶቃዎች አኝኮ ሲተፋቸው አምስት ወንዶች ተወለዱ። በኮጂኪ አማቴራሱ ወንዶቹ ከኔ ዶቃ ስለወጡ የኔ ናቸው አለች፤ የኒኒጊ አባት ከነሱ አንዱ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ሐረግ የሚመዘዘው በዚህ በኩል ነው። ለጨዋታ ይህን የሚያህል ሕግ የለም፤ የአንድን ቤት ሰይፍ የያዘ ልጁ ነኝ ብሎ ሊሟገት ይችላል። በኋለኛው ዘመን ደግሞ ወንድ ልጅ የሌለው ቤት አማቹን በጉዲፈቻ ወስዶ ስሙን ያስቀጥል ነበር።

ውርስ የሚያኮራውን ያህል ያስከፍላል። ኒኒጊ ውቧን ኮኖሃናሳኩያን አግብቶ መልኳ ያላማረውን እህቷን ኢዋናጋን መለሳት፤ ኢዋናጋ ዐለት ነበረች፣ ስለዚህ የዘሩ ዕድሜ እንደ አበባ አጭር ሆነ። የባሕሩ ልጅ ቶዮታማ ስትወልድ አትየኝ ብላ ባሏ ሾልኮ አየ፤ በእውነተኛ መልኳ አውሬ ሆና አገኛትና ልጇን ትታ ወደ ባሕር ተመለሰች። የዚያ ልጅ ልጅ ጂሙ ነው፣ የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት የሚባለው።

ሐሰተኛ ሐረግ ደግሞ የዘመቻው ነዳጅ ነው። ኒሆን ሾኪ እንደሚለው፣ በባህላዊው አቆጣጠር በ415 ሰዎች የቤት ስምና ማዕረግ እያጭበረበሩ ስላስቸገሩ ንጉሡ ኢንግዮ እውነተኛው አይቃጠልም ብሎ እጃቸውን የፈላ ውሃ ውስጥ እንዲከቱ አዘዘ። በ815 የተዘጋጀው መዝገብ በዋና ከተማውና በአካባቢው ያሉ 1,182 ቤቶችን ለይቷል፤ 404 ከካሚ፣ 335 ከንጉሣውያን፣ 326 ከባሕር ማዶ ከመጡ፣ 117 ደግሞ ያልታወቁ። በ807 ከኢንቤ ቤት የሆነው ሂሮናሪ የናካቶሚዎች ድርሻ እየገነነ የኛ ተረሳ ብሎ ለቤተ መንግሥት አቤቱታ ጽፏል። ጨዋታ መሪ እንዲህ ያለ አንድ ገጽ አቤቱታ ጽፎ ለተጫዋቾች ቢያድል አሥር ገጽ የዓለም ታሪክ ከመተረክ ይሻላል።

አማርኛ አንባቢ ለዚህ እንግዳ አይደለም። የ1931 የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የጃፓንን የ1889 ሕገ መንግሥት አብነት አድርጎ ሲረቀቅ፣ ዙፋኑን ሳይቋረጥ ከቀዳማዊ ምኒልክ፣ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ፣ በሚወርድ ዘር አጽንቷል።

በሕግ ደረጃ ለአንድ ቤት አራት ነገር ይበቃል፤ አንድ ግዴታ፣ አንድ ስጦታ፣ አንድ ክልክል፣ አንድ ማስረጃ። ስጦታው ቀደምቱ በሠራው ሥራ ላይ ብቻ 2 ይጨምር፤ በአንድ ቁጭታ አንድ ጊዜም የከሸፈ ውርወራ ያስደግም። ግዴታው በወቅቱ ካልተፈጸመ ስጦታው ይቆማል። የዋታሪ ልጅ በጨለማ የውሃ ጥልቀት ያውቃል፣ ግን ከዝናቡ በፊት የትም ይሁን የት ገመዱ ጋ መገኘት አለበት። ከ2 በላይ ከተሰጠ ዘር የሌላቸው ገጸ ባሕርያት ተመልካች ሆነው ይቀራሉ፤ ይህ ከሁሉ የሚዘወተር ስሕተት ነው። ለእነሱ የተከፈለ መንፈስ ይሰጣል። ሺንቶ ውስጥ ካሚ ሳይጎድል ተከፍሎ ሌላ ቦታ ሊተከል ይችላል፤ የሩዝ ካሚው የኢናሪ መቅደሶች ወደ 30,000 ይደርሳሉ የሚባለው በዚህ ነው። ተራው ተጓዥም የካሚዋን ክፋይ በትንሽ ሣጥን ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ በየማታው ውሃና ጨው ማቅረብ ግን የሱ ዕዳ ነው።

እድፍ

«ኬጋሬ» ኃጢአት አይደለም፣ እድፍ ነው። ሬሳ፣ ደም፣ በሽታ የነካው ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ያድፋል። ከ0 እስከ 3 መቁጠር ይበቃል፤ በእያንዳንዱ ነጥብ ከካሚ ጋር የሚደረግ ውርወራ 2 ይቀነሳል፣ 3 ላይ የመቅደሱን በር ማለፍ አይቻልም። በመቅደስ ደጅ እጅና አፍ መታጠብ ለጉብኝት ያህል እንጂ ነጥብ አይቀንስም፤ በወራጅ ውሃ ሙሉ ገላን መታጠብ 1 ይቀንሳል። ሰኔ 30 እና ታኅሣሥ 31 በፈረንጅ የሚደረገው ታላቅ መንጻት ሁሉንም ያጠፋል። ውጊያ የሚወዱ ተጫዋቾች በዚህ ሕግ ይማረራሉ። ለዚህ መፍትሔው ሕጉን ማንሳት ሳይሆን ከየውጊያው ቦታ ግማሽ ቀን ርቀት ላይ ወንዝ ማስቀመጥ ነው።

ሺንቶ ዛሬም ሰዎች የሚኖሩበት ሃይማኖት ስለሆነ አማቴራሱን ወይም ኢናሪን ጠላት አድርጎ ማሰለፍ አይመከርም፤ ቅርጹን ወስዶ ስሙን መፍጠር ይቻላል፣ ይገባልም። ለረጅም ዘመቻ የጊዜ መለኪያ ከፈለጉ ደግሞ ኢሴን መመልከት ነው። ከ690 ጀምሮ፣ በጦርነት ዘመን ቢቋረጥም፣ መቅደሱ በየ20 ዓመቱ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ቦታዎች እየተፈራረቀ እንደ አዲስ ይሠራል፤ በ2013 የተደረገው 62ኛው ነበር። ዘመቻው ዛፍ በሚቆረጥበት ዓመት ጀምሮ ካሚዋ በሌሊት ወደ አዲሱ ቤት በምትሻገርበት ቢያልቅ ተጫዋቾች እንጨቱን ከጫካ እስከ ጣሪያ ያውቁታል። የፈረሰው ቤት እንጨትም አይጣልም፤ ለሌሎች መቅደሶች ይከፋፈላል።