የአየር ቧንቧ መጥበብ ምንድን ነው? «በ20 በመቶ ጠበበ» ለምን ስህተት ይሆናል?

የሜታኮሊን ምርመራ (አስም መኖሩን ለማወቅ የአየር ቧንቧን የሚያጠብ ንጥረ ነገር እየተሳበ የሚደረግ ምርመራ) በተነሳ ቁጥር «የአየር ቧንቧዎቹ በ20 በመቶ ጠበቡ» የሚል ትርጓሜ ይከተላል። ሰሞኑንም አንድ አስተያየት ሰጪ ይህንኑ በልበ ሙሉነት ጽፎ ብዙዎች ሲቀበሉት አየሁ። ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

20 በመቶው የቧንቧ ስፋት አይደለም። ታካሚው ሙሉ አየር ስቦ በኃይል ሲያወጣ፣ በመጀመሪያው ሴኮንድ የሚወጣው አየር ከመነሻው በ20 በመቶ ሲያንስ ምርመራው ይቆማል። ቁጥሩ የመላው ሳንባ ድምር ነው። ፍሰቱ ባልተረበሸበት ቧንቧ ደግሞ ዲያሜትሩ በግማሽ ሲቀንስ የፍሰት ተቃውሞው 16 እጥፍ ይሆናል፤ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

ከዚህ የባሰው ስህተት ግን ቧንቧዎቹ ሁሉ እኩል ይጠባሉ ብሎ ማሰብ ነው። ሜታኮሊን የቧንቧውን ለስላሳ ጡንቻ ያኮማትራል፤ በእኩል ቢዳረስ እንኳ ውጤቱ እኩል አይሆንም። የመስኖ ቦይ የጠረገ ገበሬ ነገሩን ያውቀዋል። ከዋናው ቦይ ከተከፈሉት አንዱ ጥቂት ደለል ሲይዝ ውሃው ይደክማል፤ የደከመ ውሃ ደለል አይገፋም፤ ቦዩ ይብሱን ይደፈናል። ውሃው ወደ ጎረቤቱ ያደላና ያኛውን እየጠረገ ያሰፋዋል። በሳንባ ውስጥ የጠራጊውን ሥራ የሚሠራው የትንፋሽ ውጥረት ነው፦ አየር ሲገባ በዙሪያው ያለው ሕብረ ሕዋስ ተወጥሮ ቧንቧውን ወደ ውጭ ይጎትተዋል። አየር ያነሰው ክፍል ጉተታም ያንሰዋል፤ ስለዚህ ጡንቻው ያይላል። ልዩነቱ፣ ውሃ ቁልቁል ብቻ ይወርዳል፤ አየር ግን በገባበት ይመለሳል። ከጠበበው ክፍል ገና ወጥቶ ሳያልቅ ቀጣዩ ትንፋሽ ይደርስበታል።

ተመራማሪው ጆዜ ቬኔጋስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 በኔቸር የሳይንስ መጽሔት ያወጡት የፔት ምስል (ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገርን በመከታተል የሚነሳ የሰውነት ውስጥ ምስል) ይህን በግልጽ አሳይቷል። ቀላል አስም ያለባቸው ሰዎች ሜታኮሊን ሲወስዱ፣ አየር እምብዛም የማይደርስባቸው ሰፋፊ የሳንባ ክፍሎች ተፈጠሩ፤ ሌላው ክፍል ግን በደንብ ይተነፍስ ነበር። ቅርንጫፎቹ ተመሳሳይ በሆኑበት የኮምፒውተር ሞዴልም ኢምንት ልዩነት ብቻ ሲጨመር ተመሳሳይ ክፍፍል መጣ።

«ታዲያ የታመመው ያ ክፍል ነው ማለት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። የግድ አይደለም! አንድ ቧንቧ የሚዘጋው በራሱ ችግር ብቻ ሳይሆን ጎረቤቶቹ አየሩን ስለወሰዱበትም ነው።

ለሕክምና ባልደረቦቼ አንድ ነገር ልጨምር። የአየር ቧንቧን ጡንቻ የሚያላላው፣ የሚሳበው ሳልቡታሞል የሚሄደው አየር ወደሚሄድበት ነው፤ በጣም የሚያስፈልገው ክፍል ትንሹን ይወስዳል። መድኃኒቱ የሳንባን የደም ሥሮችም ስለሚያላላ፣ ደም አየር ወዳነሰው ክፍል ይበዛና የኦክስጅን መጠን ለጊዜው ትንሽ ሊወርድ ይችላል። ያን ብቻ አይቶ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይቻልም።