የመኪና በር ቁልፍ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ የዶልፊን ሾፌር «ቁልፉ ተበላሽቷል» ብሎ ከሶማሌ ተራ አዲስ ሲሊንደር፣ ማለትም በር ላይ ቁልፍ የሚገባበትን ክፍል፣ ገዝቶ መጣ። ቁልፉ ደህና ነበር። የተሰበረችው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የፕላስቲክ ማያያዣ ናት። ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁ ባልናገር ይሻላል።

ጣጣው ከቃሉ ይጀምራል። በኪስ የምንይዘውም ቁልፍ፣ በር ላይ የተተከለውም ቁልፍ፣ የሸሚዙም ቁልፍ። ስለዚህ በሩ እንቢ ባለ ቁጥር ጥፋቱ በእሱ ይላከካል።

የጊቢ በር አስቡ። እጀታው የሚያንኳኳው እንግዳ ነው። በበሩ ሆድ ውስጥ ያለው ቀጭን ዘንግ ተላላኪው ልጅ ነው። ዘበኛው ደግሞ በበሩ ጠርዝ ያለው፣ የምሰሶውን ብረት ነክሶ የሚይዘው መቀርቀሪያ ነው። ቁልፉስ? የቤቱ ጌታ ነው፤ «ለማንም እንዳትከፍት» ብሎ ያዛል እንጂ በሩን ራሱ ይዞ አይቆምም። እንግዳው ደጅ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ዘንጉን የምትይዘው ማያያዣ ተሰብራ ተላላኪው መንገድ ላይ ሲቀር፣ ወይም ቅባቱ ደርቆ ዘበኛው ሲተኛ ነው። ታዲያ የቤቱን ጌታ መቀየር ምን ይፈይዳል?

«ያረጀ ቁልፍ አይታመንም፣ ሙሉውን ቀይር» ያለኝ ሰው አለ። ሲሊንደር ያረጃል፣ አልክድም፤ በውስጡ ያሉት ስስ ብረቶች ሲበሉ ሌላ ቁልፍም ሊከፍተው ይችላል። ያ ግን ሌላ በሽታ ነው። አንዱን ብቻ የቀየረ ሰውም ለአንድ መኪና ሁለት ቁልፍ ይዞ ይዞራል።

በሩን ክፈቱና መቀርቀሪያውን በካቻቢቴ ግፉት፤ ሁለት ጊዜ «ቀጭ» ይላል። ከዚያ እጀታውን ሳቡ። ከለቀቀ ተላላኪውም ዘበኛውም ጤነኞች ናቸው፤ ረዳቱ ቀኑን ሙሉ የሚያላትመው ተንሸራታች በር ከሆነ መንኮራኩሮቹ አልቀው በሩ ወርዶ እንደሆነ እዩ። ካልለቀቀ ግን በሩን እንዳትዘጉት፣ ብረት ከብረት ይላተማል። ከውጭ እየከፈተ ከውስጥ እንቢ ካለ፣ ምንም ሳትፈቱ በጠርዙ ያለችውን የልጆች መቆለፊያ ተመልከቱ።

ከፈታችሁም ከልባሱ ጀርባ የተለጠፈውን ላስቲክ ቀድዳችሁ አትጣሉ። በመስታወቱ ዳር የሚሰርገው የሐምሌ ዝናብ በበሩ ግርጌ ቀዳዳዎች እንዲወጣ፣ ወደ ተሳፋሪ ጉልበት እንዳይመጣ የሚያግደው እሱ ነው።

የሾፌሩ አዲስ ሲሊንደር እስካሁን ከነማሸጊያው ዳሽቦርዱ ላይ ተቀምጧል።