ጎማውን ተዉት፣ ማንጠልጠያውን እዩ፦ ስለ ማቀዝቀዣ ፉርጎ በሮች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አንድ የማቀዝቀዣ ፉርጎ ቅዝቃዜውን አልይዝ ባለ ቁጥር የምሰማት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «የበሩን ጎማ ቀይሩት።» ጭነት ላኪው ይላታል፤ የጣቢያው ሠራተኛ ይላታል፤ ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ደግሞ ወጣት መሐንዲሶች ሥዕላቸውን ፊቴ ዘርግተው ሲሏት ነው። በበሩ ጠርዝ ዙሪያ ክፍተቱን የሚደፍነው ጎማ ይታያል፣ ይዳሰሳል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። በሩን የሚሸከመው፣ ወደ መቃኑ የሚስበውና እዚያው የሚያጸናው መገጣጠሚያ፣ ማንጠልጠያ የምለው፣ ግን ከላሜራ ጀርባና ከአቧራ ሥር ስለሚውል ማንም አይጠረጥረውም። እኔ ለዓመታት የሠራሁት የዚህን መገጣጠሚያ ንድፍ ነው። በጎማ ከተሳበቡት ጥፋቶች አብዛኞቹን ያገኘኋቸው ማንጠልጠያው ላይ ነው።

በቅድሚያ በሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ላስረዳ። በዘመናዊ ማቀዝቀዣ ፉርጎ ላይ ያለው በር በአብዛኛው እንደ ቤት በር በማጠፊያ አይዞርም። ሲዘጋ እንደ ጠርሙስ ውታፍ መቃኑ ውስጥ ይገባል፤ ሲከፈት መጀመሪያ ወደ ውጭ ይወጣና ከዚያ በራሱ በበሩ ሐዲድ ላይ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ስለዚህ ውታፍ በር እለዋለሁ። በበሩ ፊት ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ ዘንጎች አሉ፤ ማንሻው ሲዞር ዘንጎቹ አብረው ይዞራሉ፤ ጫፋቸው ላይ ያሉት ማኑቬላዎችም (አብረው የሚዞሩ አጫጭር ክንዶች) ጉበኑና ደፉ ላይ የታሰሩትን መያዣዎች ተደግፈው በሩን ይስባሉ ወይም ይገፋሉ። ክብደቱን የሚሸከሙት ሮለሮች ናቸው። ይህ ዓይነቱ በር ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው ፎርክሊፍት ወደ ፉርጎ መግባት ሲጀምርና ባለ ሁለት ክንፍ የነበሩት የድሮ በሮች ሲጠብቡ ነው።

«የጭነት መኪና በር ፉርጎ ላይም ይሠራል»

አይሠራም። ፉርጎ ከፉርጎ ጋር ሲያያዝ የሚያርፍበት ምት መኪና በመንገድ ላይ ከሚያገኘው የተለየ ነው። 400 ኪሎ ግራም የሚመዝን በር የመሬት ስበትን ሦስት እጥፍ በሚያህል ምት ሲነቀነቅ በመገጣጠሚያው ላይ 12 ኪሎ ኒውተን ገደማ ያርፋል፤ ከ1,200 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር የሚስተካከል ኃይል ማለት ነው። ይባስ ብሎ ምቱ የሚመጣው በባቡሩ ርዝመት፣ ማለትም በሩ በሚንሸራተትበት በዚያው አቅጣጫ ነው። የውታፍ በር ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ በሩ መቃኑ ውስጥ ስለተሰካ ምቱን መቃኑ ይቀበለዋል። ነገር ግን ንድፍ አውጪው ብረት ከብረት ጋር የሚገናኝበትን ማቆሚያ ካላበጀ ምቱን የሚቀበለው ጎማው ይሆንና በጥቂት ጉዞ ተፋፍቆ ያልቃል። ከዚያ ማን ይወቀሳል? ጎማው።

«ብርድ ይወጣል»

አየሩ ይወጣል፣ እውነት ነው። ጉዳቱ ግን በምትኩ የሚገባው ነገር ነው። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የቀዘቀዘ አየር በኪዩቢክ ሜትር 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ የ30 ዲግሪው አየር ደግሞ 1.16 ገደማ። ስለዚህ ከባዱ በደፉ በኩል ይፈስሳል፣ ቀላሉ በጉበኑ በኩል ይገባል። የሚገባው አየር እርጥበት ተሸክሟል። 30 ዲግሪ ሞቆ 60 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ኪሎ ግራም አየር 16 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል፤ ያ ውሃ በረዶ እስኪሆን ድረስ የሚለቀው ሙቀት አየሩን ራሱን ለማቀዝቀዝ ከሚወጣው ጋር ሊተካከል ምንም አይቀረውም። ቀዳዳ ስትፈልጉ መሃል ላይ ጊዜ አታጥፉ፤ ከደፉና ከጉበኑ ጀምሩ።

«ቅዝቃዜ ካልያዘ ጥፋቱ የጎማው ነው»

ወደ ዋናው ነገር መጣሁ።

ጎማ የሚሠራው ማንጠልጠያው የተወለትን ክፍተት መሙላት ብቻ ነው። ክፍተቱ ዙሪያውን እኩል ከሆነ ተራ ጎማ ይበቃል። ክፍተቱ እዚህ 8፣ እዚያ 15 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን የትኛውም ጎማ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አይሞላም፤ አንደኛው ቦታ ተጨፍልቆ ሌላው ክፍት ይቀራል። ታዲያ ክፍተቱን እኩል ወይም እኩል ያልሆነ የሚያደርገው ምንድን ነው? የሮለሮቹ ከፍታ፣ የዘንጎቹ ቀጥ ማለት፣ የማኑቬላዎቹ መዞሪያ ማዕዘንና የመያዣዎቹ አቀማመጥ ነው። ሁሉም የማንጠልጠያው ሥራ ነው።

አንድ ፉርጎ ትዝ ይለኛል። በአንድ ዓመት ውስጥ ጎማው ሦስት ጊዜ ተቀይሮለት ነበር። በወርክሾፕ ሲፈተሽ ምንም እንከን አይገኝበትም፤ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ወረቀት አስገብተን በሩን ዘግተን ስንጎትት አንዱም ወረቀት ንቅንቅ አላለም። ጭኖ ሲሄድ ግን የታችኛው ጠርዙ በበረዶ ተሸፍኖ ይመለሳል። ለአራተኛ ጊዜ ጎማ ሊታዘዝለት ሲል «በመጀመሪያ ጫኑትና ልየው» አልኩ። ባዶውን ፉርጎ ጫኑ እያልኩ ስለምን እንደማስቸግር የገባው ሰው አልነበረም። ሙሉ ክብደቱን ተጭኖ ያንኑ የወረቀት ፍተሻ ስንደግመው የታችኛው ጠርዝ ላይ የነበሩት ወረቀቶች በሁለት ጣት ብቻ እየተሳቡ ወጡ። ወለሉ በጭነቱ ጎብጧል፤ ወለሉን ዳር ላይ የያዘው ተሸካሚ ብረት በዚያው ተጠማዝዟል፤ በእሱ ላይ የታሰረው የማኑቬላ መያዣም 4 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ሸሽቷል። ጎማው ፍጹም ጤነኛ ነበር። ሦስቱም ጤነኞች ነበሩ። መያዣውን ከሥሩ በሚገቡ ስስ ላሜራዎች አስተካክለን፣ ተሸካሚውን ብረት ደግሞ በብየዳ አጠናክረን ላክነው፤ በረዶው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ባዶ ፉርጎ ላይ ተስተካክሎ «ተዘጋ» የተባለ በር አልቀበልም።

ጭነት አንዱ ነው፤ ሌላው ሙቀት ነው። ቁመቱ 2.7 ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ በር አስቡ። የውስጡ ላሜራ 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ የውጭው 30 ዲግሪ ነው። የውጭው ይረዝማል፣ የውስጡ ያጥራል፤ በሩም እንደ ደጋን መሃሉ ወደ ውጭ ይጎብጣል። በነጻ ቢተው ጉብጠቱ በብረት ላሜራ ከ3 ሚሊ ሜትር ተኩል በላይ፣ በአሉሚኒየም ላሜራ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሳል። ጥቁር ቀለም የተቀባ በር ፀሐይ ላይ ሲውል ደግሞ የውጭው ላሜራ ከአየሩ ሙቀት እጅግ አልፎ ስለሚግል ጉብጠቱ ይብሳል። አሁን መቆለፊያው በሩን የሚይዘው በአራቱ ማዕዘኖች ብቻ ከሆነ የጎኖቹ መሃል ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። የክብደት ጥቅሙን አይተው አሉሚኒየም የሚመርጡ ንድፍ አውጪዎችን አልቃወምም፤ ነገር ግን በጎኖቹ መሃል ተጨማሪ መያዣ ሳያስቀምጡ ሲመርጡ እቃወማለሁ። ወርክሾፕ ውስጥ ውስጡም ውጩም እኩል ሙቀት ነው፤ ይህ ጉብጠት እዚያ ፈጽሞ አይታይም። ፍተሻው ፉርጎው ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ መደገም አለበት።

ሦስተኛው ጥፋት የሰው እጅ ነው። «አልይዝ ካለ አጥብቀው» የሚባለው ምክር ከጎማ ለውጡ ይብሳል። ሠራተኛው ማንሻው ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ይንጠለጠልበታል። ከመጠን በላይ የተጨፈለቀ ጎማ ወደ ቅርጹ አይመለስም፤ ዛሬ የያዘው ነገ ክፍት ይሆናል። ዘንጉ ደግሞ ይጠመዘዛል፤ ዘንጉ ከተጠመዘዘ የላይኛው ማኑቬላ ሲደርስ የታችኛው ገና መንገድ ላይ ነው፤ በሩም ዘሞ ይገባል። በጉልበት የሚዘጋ በር ካያችሁ በሩ አንድ ነገር እየነገራችሁ ነው፤ ቧንቧውን አስቀምጡና ፈልጉት።

የማስተካከያው ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ ማንም አይለውጠው። መጀመሪያ የሮለሮቹ ከፍታ በውሃ ልክ ይስተካከላል። ቀጥሎ በሩ በመቃኑ ውስጥ ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን ይደረጋል። ከዚያ ማኑቬላዎቹ፤ የላይኛውም የታችኛውም በአንድ ጊዜ መድረስ አለባቸው። ከዚያ መያዣዎቹ። ጎማው ላይ ጠመኔ ተቀብቶ በሩ አንድ ጊዜ ተዘግቶ ሲከፈት መቃኑ ላይ የሚቀረው ምልክት ውፍረቱ ዙሪያውን አንድ ዓይነት ከሆነ ሥራው አልቋል። ይህ ሁሉ ተሠርቶ ምልክቱ አሁንም የተቆራረጠ ከሆነ ያን ጊዜ ጎማውን ቀይሩ፤ ሲቀየርም ለብርድ የተሠራ ይሁን። ኢ.ፒ.ዲ.ኤም. የሚባለው ጎማ ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ልስላሴውን ይጠብቃል።

«ብዙ ቡሎን፣ ጠንካራ በር»

ይህንን የሚሉት ጥንካሬ ብቻ የሚያሰሉ ሰዎች ናቸው። ብረት በበሩ ውስጥ ሙቀት እንዲከለክል ከሚሞላው ፖሊዩሬቴን ፎም 2,000 እጥፍ ያህል ሙቀት ያሳልፋል። ባለ 16 ሚሊ ሜትር አንድ የብረት ቡሎን 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን በር ከውጭው ላሜራ እስከ ውስጠኛው ቢበሳው፣ ብቻውን 0.4 ካሬ ሜትር ፎም የሚያሳልፈውን ያህል ሙቀት ያሳልፋል። 16 ቡሎን ማለት 6.4 ካሬ ሜትር ነው፤ 2.4 በ2.7 ሜትር የሆነው በራችን ራሱ ስፋቱ 6.5 ካሬ ሜትር አይሞላም። ሮለር ለማሰር ብላችሁ የበሩን የሙቀት ጫና እጥፍ አደረጋችሁት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ጄኔቫ ላይ የተደረገው በቀላሉ የሚበላሹ ምግቦች የዓለም አቀፍ ማጓጓዣ ስምምነት ለጥብቅ ሽፋን የፈቀደው የሙቀት ማሳለፊያ መጠን በካሬ ሜትር በዲግሪ 0.40 ዋት ነው፤ የሚለካውም አማካዩ ስለሆነ ጥሩ ግድግዳ የሠራ ሰው ድካሙን በበሩ ቡሎኖች ያጣዋል። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ ማንጠልጠያውን በውጭው ላሜራ ሥር በተቀበረ ሰፊ የብረት ጠፍጣፋ ላይ እሰሩት፤ ቡሎኑ ወደ ውስጥ አይለፍ። ማለፍ ግድ ከሆነ አይዝጌ ብረት ይሁን፤ የሚያሳልፈው ከተራው ብረት ሲሶውን ያህል ነው።

«ተዘግቶ ወዲያው አልከፈት ካለ መቆለፊያው ተበላሽቷል»

አልተበላሸም፤ የገባው ሞቃት አየር እየቀዘቀዘ ስለተሰበሰበ በሩን የውጭው አየር እየተጫነው ነው። ፍጹም በተዘጋ ክፍል ውስጥ አየር በ3 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ በ1,000 ፓስካል ያህል ይወርዳል። ይህ በ6.5 ካሬ ሜትር በር ላይ የ660 ኪሎ ግራም ጫና ነው። በብረት መፈንቀያ (ሎስትሮ) ሊፈለቀቅ ይሞከርና ማኑቬላው ይጎብጣል። ግፊት የሚያመጣጥን ቫልቭ ግድግዳው ላይ ይገጠም፤ እስከዚያው ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ይበቃል።

«ግራሶ ቢበዛ አይጎዳም»

ይጎዳል። የብሬክ ብናኝና አሸዋ ይይዝና ኩሽኔታውን ይፈጨዋል። ተራ ግራሶ ደግሞ በብርድ ይደርቃል።

«ማቀዝቀዣ ላይ ማሞቂያ ሽቦ ምን ይሠራል?»

የበሩ ጎማ ከመቃኑ ጋር በበረዶ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። በረዶ እስኪሆን የቀዘቀዘ ዕቃ የሚጭን ፉርጎ ያለ እሱ ሲከፈት ጎማው ይቀደዳል።

«ሮለሩ ከሐዲዱ አይወጣም»

ይወጣል። ውታፍ በር ሲከፈት ሙሉ ክብደቱ ከግድግዳው ውጭ ነው የሚንጠለጠለው፤ 400 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን በር የሚያቆመው ሐዲዱና ሁለት ሮለር ብቻ ነው። ውስጥ የተዛባ ጭነት በሩን ተደግፎ ከሆነ ማንሻው በዞረ ቅጽበት ጭነቱ በሩን ይገፋዋል። አንድ ቀን እንዲህ ሆኖ አንድ በር መጫኛው መድረክ ላይ ሲወድቅ በቦታው ነበርኩ፤ ጫኚው ውሃ ሊጠጣ ዞር ብሎ ስለነበር ተረፈ። በሩ ሲመረመር ሮለሮቹ ደህና ነበሩ፤ ያልነበረው ሮለሩ ሲወጣ በሩን የሚይዘው ሁለተኛ መያዣ ነው። ክብደት ለመቀነስ ተብሎ ከሥዕሉ ላይ ተሰርዞ ነበር።

ዛሬ ማንኛውንም የበር ንድፍ ስጀምር መጀመሪያ የምሥለው እሱን ነው። ሁለተኛው መያዣ ያለ ሮለሮቹ ብቻውን የበሩን ሙሉ ክብደት መሸከም አለበት፤ ይህንንም የምንፈትሸው ሰው ሁሉ ከአጠገቡ ርቆ፣ በሩ በክሬን ገመድ ለጥንቃቄ ላላ ተብሎ ታስሮ፣ ሮለሮቹ አንድ በአንድ ከተነቀሉ በኋላ ነው።